ከአሻንጉሊቶቹ ሥር የዋለው ሳንዱቅ

አላሜሉ ስድስት ዓመት ሙሉ ከባቄላ ጋር ስትታገል ኖራለች። ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር ይታገላል፣ ከአማቱ ጋር ይታገላል፣ ከባሰበትም ከመንግሥት ጋር ይታገላል፤ እሷ ግን በፊዚክስ ዶክትሬቷን ይዛ፣ ማድራስ ከተማ ካሉት ኮሌጆች ባንዱ ቁጭ ብላ፣ ከባቄላ ጋር ግብግብ ገጠመች። ባቄላው ውስጥ አንድ ፕሮቲን አለ። የደም ሴሎችን ሲያገኝ እየጨበጠ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ምን እንደሚመስል፣ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚጨብጥ ግን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል ብለው ሲጠይቋት ረጅም መልስ ትሰጥ ነበር፤ እውነቱ ግን መልኩን ለማየት መጓጓቷ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ዓይን አያየውም፣ ማይክሮስኮፕም አያየውም። ያለው መንገድ አንድ ነው። ፕሮቲኑ ከውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ እየረጋ ክሪስታል እንዲሆን መጠበቅ፣ ክሪስታሉን ራጅ ማንሳት፣ ከዚያ ፊልሙ ላይ ከሚወጡት ነጥቦች ተነስቶ መልኩን በሒሳብ መፈለግ። ስኳርና ጨው እንኳ ማንም ሳይለምናቸው ክሪስታል ይሆናሉ። ፕሮቲን ግን ቅንጡ ነው። ጨለማ ይፈልጋል፣ ጸጥታ ይፈልጋል፣ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ሲል ያኮርፋል። የኮሌጁ ቤተ ሙከራ ደግሞ ጀርባው ባቡር ሐዲድ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ብልቃጦቹ እርስ በርስ ይንኳኳሉ፤ ማታ የሚገኘው አተላ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ቤቷ ይዛቸው ሄደች። ቤታቸው ትሪፕሊኬን ውስጥ ላም እንኳ ሳትቸኩል የምታልፍበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። የአባቷን አሮጌ የቆርቆሮ ሳንዱቅ አውጥታ የሩዝ ገለባ ሞላችበት፣ ብልቃጦቹን በጥጥ እየጠቀለለች ገለባው ውስጥ ተከለቻቸው፣ ክዳኑን ዘግታም ከእህል ማስቀመጫው ክፍል በር ኋላ ባለው ጨለማ ጥግ አስቀመጠችው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። አላሜሉ እንቁላሉ እግር አወጣ ወይ ብላ በየጠዋቱ አንስታ የምታገላብጥ ሴት ነበረች። ለተማሪዎቿ "ክሪስታል የሚወደው የሚረሳውን ሰው ነው" እያለች ታስተምራለች። ራሷ ግን ፀጉሯን ሳትሠራ ሳንዱቁን ትከፍታለች፣ አንድ በአንድ እያወጣች በመስኮቱ ብርሃን ታያለች፣ ትተክዛለች፣ መልሳ ትቀብራለች። ባሏ ሴሻድሪ የኢንሹራንስ ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ቀልድ ይወዳል። እኔን በቀን አንድ ጊዜ እንዲህ ብታዪኝ ኖሮ ይሄኔ ጠርቼ አልማዝ ሆኜ ነበር ይላታል። እሷም ትስቃለች፤ በማግስቱም ትከፍታለች።

የአማቷ የራንጋናያኪ ቅሬታ ደግሞ ሌላ ነው። ደጅ ላይ በሩዝ ዱቄት የሚነጠበውንና የሚሰመረውን የጠዋት ኮላም ምራታቸው አንድ ቀን ሠርታው አታውቅም። ነጋ ሲል፣ አማቷ ደጅ ሳሉ፣ ወደ ሳንዱቅ፣ ረፈድ ሲል ወደ ኮሌጅ ነው ሩጫዋ። አማትየው ጎንበስ ብለው ነጥቡን እየነጠቡ፣ የሰፈሩ ሴቶች እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "የኔ ምራት የምታውቀው ለዓይን የማይታየውን ነው፤ ደጃፉ ስለሚታይ አይመለከታትም" ይሉ ነበር። ክፋት ግን አልነበረባቸውም። ሲሰድቧትም ምሳዋን እየቋጠሩላት ነው።

የዚያ ዓመት፣ አሥር ቀን የሚከበረው የናቫራትሪ በዓል ሲቃረብ ፕሮፌሰር ቬንካታቻላም አላሜሉን ቢሮአቸው ጠሯት። የትምህርት ክፍሉ ያለው የራጅ መሣሪያ አንድ ብቻ ነው። ግማሹን ቀን እሷ ትጠቀምበታለች፤ ግማሹን ደግሞ ብረት የሚያጠናው ዶክተር ቻንድራሞሊ። ብረት አያኮርፍም፤ ቻንድራሞሊ በየወሩ ውጤት ያወጣል። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ ስድስት ዓመት ብዙ ነው አሏት። በዓሉ ካለፈ በኋላ ባለው ሰኞ ነጥብ ያለበት አንድ ፊልም ጠረጴዛዬ ላይ ካላየሁ መሣሪያው ሙሉ ቀን ለብረቱ ይሰጣል፣ አንቺ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ታስተምሪያለሽ አሏት። ቻንድራሞሊም ኮሪደሩ ላይ አግኝቷት ነገሩን በቅመም አጣፈጠላት። "አይዞሽ፤ ባቄላው በዓሉ ላይ ለእንግዳ ይቀቀላል" አላት።

አልተናደደችም፤ ምክንያት ነበራት። በዚያው ጠዋት፣ በሳንዱቁ ጥግ ባለችው ብልቃጥ ውስጥ፣ አንድ ነገር ብልጭ ሲል አይታ ነበር። የአሸዋ ቅንጣት ታህላለች፤ ግን አተላ አልነበረችም። አተላ ብልጭ አይልም።

በዓሉ ሊገባ ዋዜማ ላይ ማታ ከኮሌጅ ስትመለስ፣ ሳሎኑ ውስጥ የአሻንጉሊቶቹ ደረጃ ቆሞ ጠበቃት። ኮሉ ይሉታል። ራንጋናያኪ በየዓመቱ ሳጥኑንም የብስኩት ጣሳውንም ጣውላውንም ደርድረው ሰባት ደረጃ ያቆማሉ፣ በነጭ ጨርቅ ያለብሱታል፣ ከእናታቸው የወረሷቸውን የሸክላ አሻንጉሊቶች ይደረድሩበታል። ላይ አማልክቱ፣ መሐል ነገሥታቱና ሙዚቀኞቹ ይሆናሉ፤ ታች ደግሞ ሆዳሙ ነጋዴ ከወፍራም ሚስቱ ጋር ምስርና ሽምብራ ዘርግቶ ይቀመጣል። አላሜሉ ከልቧ ደስ አላት። ባለፈው ዓመት ነጋዴው በተንገዳገደ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ሲወዛወዝ ስለነበር፣ አማቷን እንደ እናት አማ ብላ ጠርታ፣ ዘንድሮስ እንዴት ቀጥ ብሎ ቆመ አለቻቸው።

ራንጋናያኪ ምስጋናው ደረታቸውን ነፋው። "ጥሩ ሳንዱቅ አግኝቼ ነዋ" አሉ። "እዚያ በር ኋላ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ። ከሠራተኛዋ ጋር ጎትተን አመጣነው፤ ልክ ሆነ።"

አላሜሉ ክው አለች። በሩ ኋላ ያለውን ጥግ ሄዳ አየችው፤ ባዶ ነው። ተመልሳ የመጨረሻውን ደረጃ ነጭ ጨርቅ ገለጥ ብታደርገው የአባቷ ሳንዱቅ ሰባት ደረጃ፣ ሰማይ ሙሉ አማልክትና አንድ ወፍራም ነጋዴ ተሸክሞ ተቀምጧል። ጣውላው የተጫነው ክዳኑ ላይ ስለሆነ ጣት እንኳ አያስገባም።

አሁኑኑ ይነሳልኝ አለች። ራንጋናያኪ ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነበር። መብራቱ በርቶ፣ ጸሎቱ ተደርሶ የቆመ ኮሉ በአሥረኛው ቀን ማታ አንዷ አሻንጉሊት እስክትተኛ ድረስ አይነካም። ይህን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም።

"በእናቴ ቤት አንድ ዓመት ተነቃነቀና በዚያው ክረምት ጣሪያው ወረደ" አሉ።

"ጣሪያው እኮ አርጅቶ ነበር፣ አማ። እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል።"

"አርጅቶ ነበር። ግን ኮሉው እስኪነቃነቅ ድረስ አልወረደም።"

ለእንዲህ ዓይነቱ ማስረጃ ፊዚክስ መልስ የለውም። አላሜሉም ሳንዱቁ ውስጥ ያለውን አልተናገረችም። ብትናገር ተጎትቷል፣ ተገልብጧል፣ ሁሉም ነገር አልቋል የሚለውን ፍርሃቷን በራሷ አፍ ማጽደቅ ሆነባት። አንገቷን ደፍታ ወደ ክፍሏ ገባች።

በሦስተኛው ቀን ራንጋናያኪ የሌላ ቤት ኮሉ ለማየት ወጡ። አላሜሉ የባሏን ስም ጠርታ አታውቅም፤ ዶክትሬቱም ይህን ልማድ አላስጣላትም። "ይሰሙኛል?" አለችው። "እስኪ በሆድዎ ተኝተው ከሥር እጅዎን ያስገቡ። ክዳኑን ትንሽ ከፍ ካደረጉልኝ ያቺን የጥጓን ብልቃጥ አወጣታለሁ።"

ሴሻድሪ ሚስቱን እምቢ ማለት አይችልበትም። ሸሚዙን አውልቆ በሆዱ ተዘረጋ፣ ጭንቅላቱን ነጭ ጨርቁ ውስጥ ከተተ፣ እጁን ወደፊት ሰደደ። ነጋዴው በላዩ ላይ አንዴ ተወዛወዘ። አላሜሉ ነጋዴውን በአንድ እጇ፣ ሚስቱን በሌላው ይዛ ትንፋሿን ዋጠች። በዚህ መሐል ሰፈሩ ሁሉ ማሚ፣ ማለትም አክስቴ፣ የሚላቸው የጎረቤታቸው የፓንካጃም ማሚ ድምፅ በሩ ላይ ተሰማ። በናቫራትሪ በር አይዘጋም፤ ሴትዮዋ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ገብተው ቆመዋል። የሚያዩት ከአማልክቱ ፊት በሆዱ የተዘረጋ፣ ጭንቅላቱ የማይታይ ሰው ነው።

በእነሱ ልማድ ወንድ ልጅ ለአምላኩ የሚሰግደው እንዲህ በሆዱ ተዘርግቶ ነው። ሴሻድሪ ከጨርቁ ሥር ሆኖ አሰበና፣ እጆቹን ከራሱ በላይ አጋጥሞ ጸጥ አለ።

ፓንካጃም ማሚ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስግደቱ እስኪያልቅ በአክብሮት ቆመው ጠበቁ፤ ስግደቱም አላልቅ አለ። ከዚያ እንደ ደንቡ አንድ ረጅም መዝሙር ዘመሩ፤ ሴሻድሪም የመዝሙሩን ስንኝ ሁሉ በሆዱ ተኝቶ አደመጠ። የኮኮናት ፍርፋሪ የተነሰነሰበትን የሽምብራ ቅቅል ተቀብለው ሲወጡ፣ እንዲህ ዓይነት ልጅ የወለደች እናት ታደለች አሉ። እስኪመሽ ድረስ ወሬው መንገዱን አዳርሶ፣ የሰፈሩ ባሎች ሁሉ "የራንጋናያኪን ልጅ አታይም?" እየተባሉ ሲወቀሱ አመሹ። ክዳኑ ግን የፀጉር ያህል አልተነሳም።

ወሬው ራንጋናያኪም ጆሮ ደረሰ። ማታ ላይ ምራታቸውን ጓዳ ጠሯት።

"ልጄን ከወለድኩት ጀምሮ አውቀዋለሁ" አሉ። "ጠዋት አማልክቱን የሚሳለማቸው ጫማውን እየፈለገ ነው። ከነጋዴው ሥር ምን ጠፍቶበት ነው?"

አላሜሉ ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነበር። ስድስት ዓመቱንም፣ ባቡሩንም፣ ፕሮፌሰሩንም፣ ሰኞንም አንድ ላይ ዘረገፈችው። ያ መሣሪያ ከተወሰደብኝ እኔ ባቄላ በጥጥ የምጠቀልል ሴት ነኝ፣ ሌላ ምንም አይደለሁም አለች። ራንጋናያኪ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

"አሮጌ ልብስ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ስድስት ዓመትሽን ይሆን በወገቤ የጎተትኩት? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ቢያውቁ ያነሱልኝ ነበር?"

"አላነሳም" አሉ ራንጋናያኪ። "ውሸት አልነግርሽም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ያንን ጥግ የሚረግጥ ሰው ጉዱ ይፈላል።"

እንዳሉትም አደረጉ። ሕፃናት ሳሎኑ ውስጥ እንዳይዘሉ ተከለከሉ። ሲዘምሩ በእግራቸው ምት የሚመቱት እንግዶች በሩ አጠገብ እንዲቀመጡ ተደረገ። ፓንካጃም ማሚ ደልደል ያሉ ሴት ናቸውና ምንጣፋቸው ወደ ማዶ ግድግዳ ተዛወረ፤ አማልክቱ ከሩቅ ሲታዩ ያምራሉ ተባሉ፣ አመኑም። ሴሻድሪ ስሙ በስግደት ወጥቷልና በየማታው በእንግዶች ፊት ሲሰግድ ሰነበተ። ወገቤን ገደላችሁኝ ይላል፤ የሚሰማው የለም። አላሜሉን ግን የአማቷ ጥበቃ አላጽናናትም። ቀድሞ ፀጉሯን ሳትሠራ ሳንዱቅ ትከፍት የነበረችው ሴት አሁን ፀጉሯን ሁለት ጊዜ እየሠራች፣ ነጩ ጨርቅ ላይ አፍጥጣ ታረፍዳለች። ኮሌጅ ስትሄድም ቻንድራሞሊ ቅቅሉ ደረሰ ወይ ይላታል።

አሥረኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። ሲመሽ መብራቱ ተበራ፣ ጸሎቱ ተደረሰ፤ ራንጋናያኪም ከላይኛው ደረጃ አንዲቱን አሻንጉሊት በሁለት እጃቸው አንስተው በጀርባዋ አስተኟት። አሁን ኮሉው ተኝቷል። በሌላ ጊዜ እሱን ማፍረስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ አሻንጉሊቶቹ አንድ በአንድ በአሮጌ ሳሪ ስለሚጠቀለሉ ችኮላ አይወዱም። እሑድ ጎህ ሲቀድ ግን አላሜሉ ስትነሳ ሳሎኑ በሴት ተሞልቶ አገኘችው። አማቷ መንገዱን ቤት ለቤት ዞረው ቀስቅሰዋል። ፓንካጃም ማሚ ከላይኛው ደረጃ አማልክቱን እያወረዱ ያቀብላሉ፣ ጓደኞቻቸው ይጠቀልላሉ፣ ራንጋናያኪ ያዝዛሉ። ምን እንዳስቸኮላቸው የሚያውቅ የለም፤ ሥራው ግን ይቀላጠፋል። መጨረሻ ላይ ነጋዴው ከነሚስቱ፣ ከነምስሩ ተነሳ።

አላሜሉ ክዳኑን ከፈተች። ብልቃጦቹ ያዘነበሉትም ቀና ያሉትም ገለባቸው ውስጥ አሉ። የጥጓን አወጣች፣ ጥጡን ፈታች፣ ዓይኗን ጨፍና ወደ መስኮቱ ያዘቻት፤ ከዚያ ገለጠች። ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ፣ ጠርዟ የተሳለ፣ ጥርት ያለች ክሪስታል ብልቃጡ ሥር ተቀምጣለች። የሚቀጥለውን አወጣች፤ እዚያም ሦስት አሉ። የሚቀጥለው ውስጥም አለ።

ያኔ ገባት። ለተማሪ ስታስተምረው የኖረችው ነገር በራሷ ላይ ደረሰ። ባቡሩም አልነበረም ጥፋተኛው፤ ቢያንስ ብልቃጦቹን ቤት ካመጣቻቸው ወዲህ ጥፋተኛዋ እሷ ራሷ ነበረች። በየጠዋቱ ስታነሳ፣ ስታዘነብል፣ በብርሃን ስታገላብጥ ያሳደገቻቸው መስሏት ስትገድላቸው ኖራለች። እጇን የያዘላት ሰው ባይኖር ይህችንም በማግስቱ ትገድላት ነበር። ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ፤ ሁለቱንም አልከለከለቻቸውም።

ራንጋናያኪ ጠጋ ብለው አዩ። "ይቺ ናት? ለዚች ነው እንዲያ ያለቀስሽው?"

"ይቺ ናት፣ አማ።"

"ቆንጆ ናት" አሉ ራንጋናያኪ፤ ቅር እንዳይላት።

ወደ ኮሌጅ ለመሄድ ሪክሾ ተጠራ። ሴሻድሪ ሳንዱቁን ልያዝ ቢል እናቱ አልሰጥም አሉ፤ እኔ ጎትቼዋለሁ፣ እኔው አቅፈዋለሁ ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መንገዱን ሁሉ ፔዳል የሚመታውን ሰውዬ ሲገሥጹት ሄዱ። ጉድጓድ ሲያይ እንዲወርድና በእጁ እንዲገፋ አስማሉት። ሰውዬው እንቁላል ነው የያዙት ወይ ቢላቸው፣ "ባቄላ ነው፤ ዝም ብለህ ንዳ" አሉት። ዘወር ብሎ አያቸውና ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።

አላሜሉ ክሪስታሏን በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አሽጋ መሣሪያው ላይ ሰቀለቻት። ራጁ ቀስ እያለ ፊልሙን እስኪስል ድረስ ምራትና አማት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው እርጎ የተቀላቀለበት ሩዝ በሉ። አመሻሽ ላይ አላሜሉ ፊልም ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ገባች። ስትወጣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ፊልም በሁለት ጣቷ ይዛለች፤ ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ራንጋናያኪ ያዩት በሠርጓ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም ይህን ያህል አልነበረም። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጠፈችላቸው። ከመሐል ተነስተው ወደ ዳር የሚሄዱ ነጥቦች፣ ረድፍ በረድፍ፣ ርቀታቸው ሳይዛነፍ፣ አንዱ ደመቅ ሌላው ፈዘዝ ብለው ተነጥበዋል።

ራንጋናያኪ ረጅም ጊዜ አዩት። "ኮላም ነው" አሉ። "ማነው የነጠበው? እጁ አይንቀጠቀጥም።"

"ክሪስታሏ ናት።"

"መስመሩስ የታለ?"

"መስመሩ የለም፣ አማ። እሷ ነጥቡን ብቻ ነው የምትሰጠው። መስመሩን አስቦ ማግኘት የኔ ሥራ ነው። ሥራዬ እኮ እሱ ነው።"

የራንጋናያኪ ጣት መስታወቱ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ሲሄድ አላሜሉ አየችው።

ሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰር ቬንካታቻላም ፊልሙን ይዘው መነጽራቸውን ወልውለው፣ እንደገና አይተው፣ እንደገና ወለወሉ። ከዚያ ቻንድራሞሊን አስጠርተው፣ ብረት እንደሆነ አይበላሽም፣ ትንሽ ይቆይ አሉት። ቻንድራሞሊም ክፉ ሰው አልነበረምና ፊልሙን አይቶ የሚያነሳው ባርኔጣ ባይኖረውም አንገቱን ጎንበስ አደረገላት። ወደ ማታ፣ ባቄላውን የት እንደምትገዛው በጨዋ ደንብ ጠየቃት።

ማክሰኞ አላሜሉ ማልዳ ተነሳች። ሳንዱቁ በሩ ኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ በአጠገቡ ስታልፍ እጇን ወደ ኋላዋ ያዘች። ደጁን ስትከፍት አማቷ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። የታጠበው ደጃፍ ላይ በሩዝ ዱቄት የተነጠበው ነጥብ ብቻ ነው፤ መስመር የለውም። አላሜሉ ወዲያው አወቀችው። የፊልሙ ነጥቦች ናቸው። ሁሉም ልክ አይደሉም፣ ግን ደማቁ ደመቅ ብሎ፣ ፈዛዛው በቀጭኑ ተነጥቧል፤ ሴትዮዋ አንድ ማታ አይተው በልባቸው ይዘውት ኖሯል። ጎኑ ላይ የሩዝ ዱቄት ያለበት ጎድጓዳ ሣህን ተቀምጧል።

ጫማዋን አወለቀች፣ የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሻጠች፣ ጎንበስ ብላ በጣቷ ዱቄት ቆነጠረች፤ ከየትኛው ነጥብ እንደምትጀምር ግን ግራ ገባት።

"ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል መስመሩ?" አሏት ራንጋናያኪ።

"የእውነተኛው? ሦስት ዓመት። ምናልባት አራት።"

ራንጋናያኪ መንገዱን ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ።

"እንግዲያው ቶሎ ጀምሪ" አሏት። "ወተት ሻጩ መጥቶ ሳይረግጠው።"